ለራስ ደጀን ሦስት ቀን አይበቃም

ስለ ሰሜን ተራሮች ጉዞ ሲነሣ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ራስ ደጀን በስንት ቀን ይደረሳል?» የሚል ነው። ከደባርቅ በመኪና እስከ ጨነቅ የድንኳን ሰፈር፣ ከዚያ በእግር፣ በሦስት ቀን ደርሶ መልስ የሚል መልስም አይጠፋም። እግሩ ላለው ይቻላል። ጫፉ ላይ የሚጠብቀው ግን የድንጋይ ክምር ነው፤ ዙሪያውን የቆሙት አናቶች እኩያው ስለሚመስሉ «ትልቁ ይሄ ነው እንዴ?» ያሰኛል። (የድሮ ካርታዎች 4,620 ሜትር ይሉታል፤ የኋለኛው ልኬት ወደ 4,550 ገደማ አውርዶታል።) ጫፉ ላይ ለሚቆዩባት ግማሽ ሰዓት ሲባል ከጨነቅ በፊት ያሉትን ሰፈሮች፣ ሳንቃበርንና ግጭን፣ በመኪና ዘሎ ማለፍ ኪሳራ ነው።

ኪሳራው የእይታ ብቻ አይደለም፣ የጤናም ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታን በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር የታወቀ ደንብ ነው። ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620 ሜትር ገደማ ናቸው፤ የእግር መንገዱ ደንቡን በራሱ ይጠብቃል። መኪናው ግን ጎንደር ቁርሱን የበላውን ሰው ማታ ጨነቅ ያሳድረዋል፣ 1,500 ሜትር በአንድ ቀን። ሌሊቱን ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሊከተል ይችላል። «እኛ ደገኞች ነን» የሚል የአዲስ አበባ ሰውም አይመካ፤ 2,400 ሜትር ላይ መኖር ያግዛል እንጂ ዋስትና አይሆንም። ከዋሽንግተን ለዕረፍት የመጣ ዘመድ አብሮ ካለማ ሁለት ሌሊት ግጭ ማደር ይሻላል። በእነዚያ ቀናት ሰው የራሱን እርምጃ ይማራል፦ እያወሩ መሄድ ካቃተ ፍጥነቱ በዝቷል። ራስ ምታቱ ሳይለቅ ወደ ላይ አይቀጠልም። የሚንገዳገድ፣ የሚቀባዥር ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ታች ነው።

ከጨነቅ በኋላ መንገዱ ባሕርዩን ይለውጣል። የቧሂት ተራራን በር 4,200 ሜትር ገደማ ላይ ተሻግሮ እስከ መሸሃ ወንዝ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያ አምቢቆ መንደር፣ 3,200 ሜትር። ብዙ ጉልበትና የእግር ጥፍር የሚበላሸው እዚህ ነው። ከመነሣት በፊት ጥፍር ይቆረጣል፤ ቁልቁለቱ ሲጀምር የጫማው ማሰሪያ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል። አለዚያ አውራ ጣት ከጫማው አፍንጫ ጋር እየተላተመ ማታ ይጠቁራል። ዱላ ያልያዘ ደግሞ ጉልበቱን ነው የሚያስከፍለው።

የጫፉ ቀን ከአምቢቆ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በፊት ይጀመራል። ዳገቱ ብቻ 1,350 ሜትር ያህል ነው፤ ውኃ 3 ሊትር፣ በሶ ወይም ቆሎ በኪስ። ቀትር ላይ የትም ይደረስ የት ፊት ይዞራል። ይህን ሰዓት ማታ ከስካውቱ (አብሮ ከሚሄደው የታጠቀ ጠባቂ) እና ከአስጎብኚው ጋር መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ጫፉ ከታየ በኋላ ልብ አይገኝም። (ይህ ሁሉ ፀጥታው ሲፈቅድ ነው፤ ደባርቅ ያለውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ሳይጠይቁ መነሣት አይገባም።)

ባለ ሦስት ቀኑ ዕቅድ የሚረሳው ሌላው ነገር መመለሻው ነው። ያ የመሸሃ ቁልቁለት በማግስቱ 1,400 ሜትር ዳገት ሆኖ ይጠብቃል። የመቀመጫ በቅሎ ለዚያ ቀን ጠዋት ነው መያዝ ያለበት፣ ለጫፉ አይደለም።