ሺቱን ዝጉት

የአገር ቤት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሰነፍ ነው የሚል ሰው ካለ አልስማማም። ፋይናል ሲደርስ ላይብረሪ ቦታ ለመያዝ በጠዋት የሚሰለፍ፣ ቦታ ሲያጣ ባዶ ክላስ ፈልጎ እስከ እኩለ ሌሊት የሚቸክል፣ መብራት ሲጠፋ በስልኩ ብርሃን የሚቀጥል ልጅ እንዴት ሰነፍ ይባላል? እኔም እዚያው ተምሬ ነው የወጣሁት። አሁን ሜሪላንድ ውስጥ ባለ አንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሂሳብ አስጠናለሁ። ሁለቱን ሳስተያይ በልፋት የኛ ልጆች ይበልጣሉ እንጂ አያንሱም። የሚያንገበግበኝ ልፋቱ የት እንደሚፈስ ሳስብ ነው።

አገር ቤት ማትስ በብዛት የሚጠናው በማንበብ ነው። ሺት የሚባለው የጥያቄ ወረቀት አለ፣ ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች አሉ፣ በቴሌግራም የሚዞር የተሠራ መልስ አለ። ልጁ ጥያቄውን ያያል፣ ወዲያው መልሱን ያያል፣ "እሺ ገባኝ" ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እውነቱን ነው፣ ገብቶታል፤ ግን የገባው ሌላ ሰው የሠራው ነው። ፈተና ላይ ባዶ ወረቀት ሲቀመጥለት የመጀመሪያዋን መስመር ከየት እንደሚያመጣት ግራ ይገባዋል፤ ምክንያቱም መጀመርን አንድም ቀን አልተለማመደም።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። ካልኩለስ የወሰደ ሁሉ የሚያውቃት ሊሚት (አንድ ነገር እየተጠጋው የሚሄድ ዋጋ) አለች፤ ሳይን ኤክስ ለኤክስ ሲካፈል፣ ኤክስ ወደ ዜሮ ሲጠጋ። መልሷ 1 ነው። እንዴት? ስትሉ አገር ቤትም ሆነ እዚህ ብዙው ተማሪ "በሎፒታል" ይላችኋል፣ የሎፒታልን ሕግ ማለቱ ነው። የላዩን ዴሪቬቲቭ (የለውጥ ፍጥነት)፣ የታቹን ዴሪቬቲቭ፣ ኮሳይን ዜሮ 1፣ አለቀ። ጥሩ። የሳይን ዴሪቬቲቭ ኮሳይን መሆኑንስ በምን አወቅክ? እዚህ ላይ ዝም። ከዴሪቬቲቭ ትርጉም ተነስተን እናረጋግጠው ብንል መሃል ላይ ይቺው ሊሚት ራሷ ብቅ ትላለች፣ እና 1 መሆኗን አስቀድመን ካላወቅን አንሻገርም። ልጁ ሊያረጋግጥ የተነሳውን ነገር እንደ ታወቀ ይዞ ነው ያረጋገጠው ማለት ነው። መውጫው ክብ ስሎ ከውስጥ ያለችውን ትሪያንግል፣ የክቡን ቁራጭ እና ከውጭ ያለችውን ትሪያንግል በስፋት ማወዳደር ነው። ይህንን አንዴ በራሱ እጅ የሳለ ልጅ ሌላም ፎርሙላ ሲያይ "ይሄስ ከየት መጣ?" ማለት ይጀምራል።

ሺቶቻችን ሌላም ችግር አለባቸው፤ በምዕራፍ የተደረደሩ ናቸው። ኢንቴግሬሽን ባይ ፓርትስ የሚባለው አንድ የማስሊያ ዘዴ ብቻ ተከታትሎ ይመጣል። ስለዚህ የትኛውን ዘዴ ልጠቀም ብሎ ማሰብ አያስፈልግም፣ ርዕሱ ነግሮሃል። ፈተና ላይ ግን የሚነግርህ የለም። ሮረር እና ቴይለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2007 ባወጡት ጥናት ተማሪዎችን ለሁለት ከፍለው የቅርጾችን ይዘት ማስላት አለማመዷቸው፤ ለአንዱ ቡድን ጥያቄውን በዓይነት በዓይነቱ፣ ለሌላው ደባልቀው። በልምምዱ ሰዓት በዓይነት የሠሩት 89 በመቶ ሲያመጡ የተደባለቀባቸው 60 በመቶ ላይ ቀሩ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን የመጀመሪያዎቹ ወደ 20 ወረዱ፣ የተደባለቀባቸው 63 አመጡ። ስታጠኑ ቀለል ካላችሁ ጠርጥሩ። ከአራት ምዕራፍ አራት አራት ጥያቄ አውጥታችሁ፣ ቀላቅላችሁ፣ ሺቱን ዘግታችሁ ሞክሩት።

አሁን ወደዚህ ልምጣ። እዚህ የማስጠኛ ክፍሉ ነጻ ነው፤ ሰሌዳ አለ፣ ሰው አለ፣ መምህሩም ተማሪ የሚቀበልበት የታወቀ ሰዓት አለው። የኛ ልጆች ግን ብዙ አይመጡም። ሥራ ይዟቸው የማይመጡ አሉ፣ አዳር ሠርቶ ክላስ የሚገባ ልጅ ላይ ምን ይፈረዳል። ሌሎቹን የሚይዛቸው ይሉኝታ ነው። ከሚመጡት አንዷ የሞከረችውን ሁሉ በላጲስ አጥፍታ ንጹሕ ወረቀት ታቀርብልኛለች። እኔ ማየት የምፈልገው ያንን ያጠፋችውን ነው፤ የት እንደተሳሳተች የሚነግረኝ እሱ ነውና።

በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዩሪ ትሬይስማን የሚባል የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበር። ጥቁር ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ ለምን እንደሚወድቁ ለማወቅ አብሯቸው ዋለ፣ ከቻይና ቤተሰብ የመጡትንም ተከታተለ። ጥቁሮቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ ለብቻቸው ተዘግተው ነበር የሚያጠኑት። ሌሎቹ ግን መጀመሪያ ለየብቻ ሠርተው ማታ ይሰበሰባሉ፣ አንዱ የሌላውን ያርማል፣ ሁሉም ያቃተው ጥያቄ ካለ ጥያቄው ራሱ ከባድ መሆኑን ያውቃሉ። ትሬይስማን ከዚያ ተነስቶ በቡድን ከባድ ከባድ ጥያቄ የሚሠራበት ፕሮግራም ጀመረ፣ የተሳተፉትም ውጤታቸው በጣም ተሻሻለ። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የኛ ልጆች ናቸው የሚታዩኝ።

"እኛም አንድ ለአምስት ነበረን" የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ተማሪው በትንንሽ ቡድን የሚደራጅበት አሠራር ነበረ። ግን ከላይ በትእዛዝ መጣ፣ ሪፖርት ተጨመረበት፣ አንዱ ጎበዝ ይሠራል ሌሎቹ ይገለብጣሉ። በዚያ ምክንያት አብሮ ማጥናት ራሱ መጠላት የለበትም። አራት ጓደኛሞች ሁኑ፤ መጀመሪያ ሁሉም ለየብቻው ይሞክር፣ ቢያቅተውም ቶሎ መልስ አይይ። ከዚያ ማታ ባዶ ክላስ ግቡ። አንዱ ጠመኔ ይዞ፣ ወረቀት ሳያይ ያስረዳ፣ ሌሎቻችሁ "ለምን?" እያላችሁ አስጨንቁት። ለዚህ ከሰሌዳና ከጠመኔ ሌላ ወጪ የለውም፣ ሁለቱም ግቢው ውስጥ አሉ።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር ልለምን። ፈተናው የአምናው ሆኖ ቁጥሩ ብቻ ከተቀየረ፣ ሺት የሚሸመድደው ልጅ ትክክል ነው የሚሠራው። እባካችሁ ከየፈተናው አንድ ጥያቄ እንኳ "ለምን እንደሆነ አስረዳ" የሚል አድርጉት፣ ማርኩም ደህና ይሁን።