የመንዝ በግ ፋይል በእጅ አይገለበጥም

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ ተቋም በተጠራ ስብሰባ ላይ፣ በባዮቴክኖሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ፓይተን ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ልምምድ የተያዙት ሁለት ከሰዓቶች መሰረዛቸው ተነገረን። ኃላፊው ምክንያቱን ሲያስረዱ «ባዮሎጂስት ኮድ ጸሐፊ አይደለም፤ የዲኤንኤ ቅደም ተከተሉን ከድረ ገጽ ገልብጦ ወርድ ላይ መለጠፍ፣ ሠንጠረዡን በኤክሴል መክፈት ይበቃዋል» አሉ። ከአዳራሹ አንድም ሰው አልተቃወመም። እኔም ዝም አልኩ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከኤክሴሉ ልጀምር፤ ውሃ የማይቋጥረው እሱ ነውና። ኤክሴል «ሴፕት 2» ይባል የነበረውን ጂን ሲያገኝ ቀን መስሎት «ሴፕቴምበር 2» ያደርገዋል። «ማርች 1» ይባል የነበረው ጂንም ዕጣው ያው ነው። የጂን ዝርዝራቸውን በኤክሴል አባሪ ካደረጉ ሳይንሳዊ ጽሑፎች አንድ አምስተኛ ገደማ ይህ ስህተት እንዳለባቸው እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት አሳይቷል። በ2020 ደግሞ የሰው ጂኖችን ስም የሚያጸድቀው ኮሚቴ የጂኖቹን ስም እስከ መቀየር ደረሰ፤ ሴፕት የነበረው ሴፕቲን ተባለ። አንድ ሶፍትዌር የሳይንስን ስያሜ ካስለወጠ በኋላ፣ ያንኑ ለተማሪ «ይበቃሃል» ብሎ መስጠት ምን የሚሉት ምክር ነው? ደግሞስ አንድ የኤክሴል ገጽ ከ1,048,576 ረድፍ አያልፍም። ዲኤንኤ ከሚያነበው የሴኩዌንሲንግ ማሽን የሚወጣ አንድ የፋስትኪው ፋይል ግን ሚሊዮኖች ንባቦች፣ ማለትም የተነበቡ የዲኤንኤ ቁራጮች፣ ሊይዝ ይችላል፤ እያንዳንዱ ንባብ ብቻውን አራት መስመር ነው። የት ሊያስቀምጡት ነው?

ወደ መገልበጡ ልምጣ። አምና አንዲት ተማሪ ላፕቶፕዋን አቅፋ ቢሮዬ ገባች። ከ48 የመንዝ በጎች ናሙና የተገኘውን ቅደም ተከተል ሦስት ሳምንት ሙሉ በወርድ እየለጠፈች አንድ የፋስታ ፋይል፣ ማለትም የየናሙናው ስምና ቅደም ተከተል የሚጻፍበት ተራ የጽሑፍ ፋይል፣ ሠርታለች። የዝምድና ዛፉን ስታወጣ አንድ በግ ከሌሎቹ ሁሉ ተነጥሎ ብቻውን ቆመ። «ጋሼ፣ አዲስ ዝርያ ይሆን?» አለችኝ፤ ዓይኗ ያበራ ነበር።

አብረን ቁጭ ብለን ለባዮሎጂ በተዘጋጀው የፓይተን መሣሪያ፣ በባዮፓይተን፣ አራት መስመር ጻፍን፦ ፋይሉን ክፈት፣ እያንዳንዱን መዝገብ አንብብ፣ ስሙን አውጣ፣ ርዝመቱን አውጣ። ከአንድ ደቂቃ በታች ወሰደ። የወጣው 47 ስም ነው። በግ 16 ደግሞ ርዝመቱ የሌሎቹ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በፋስታ ፋይል የእያንዳንዱ ናሙና ስም የሚጀምረው በ«>» ምልክት ነው፤ እሷ ስትለጥፍ ከበግ 17 ስም ፊት ያለችው ምልክት ተሰርዛለች። ሁለት በጎች አንድ እንስሳ ሆነው፣ የበግ 17 ስም ራሱ እንደ ዲኤንኤ ፊደል ተቆጥሮ መሐላቸው ገብቷል። የልጅቷ ፊት ሲለወጥ አየሁ።

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። እጅ ይደክማል፣ ዓይን ይፈዛል። ችግሩ በእጅ የተሠራ ነገር ምስክር የሌለው መሆኑ ነው። የትኛውን ከየት ቆርጣ የት እንደለጠፈች ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ አማካሪዋም፣ ገምጋሚውም፣ እሷ ራሷም ከወር በኋላ። ስክሪፕት፣ ማለትም የተጻፈው ትእዛዝ፣ ግን የተሠራውን ሁሉ መስመር በመስመር ይናዘዛል። የተሳሳተ እንደሆነ ስህተቱ እዚያው ተጽፎ ይገኛል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይሮጣል። የባዮፓይተን አንባቢ መዝገቦቹን አንድ በአንድ ስለሚያነብ አሮጌ ላፕቶፕ እንኳ ይችለዋል። በስም ለይቶ እንዲያስቀምጥ ስታዘው፣ አንድ ስም ሁለቴ ካገኘ ስህተት ነው ብሎ ይቆማል። ጽፎ ሲጨርስ ስንት መዝገብ እንደጻፈ ይነግርሃል፤ 48 ሰጥተህ 47 ከተቀበልክ ያኔውኑ ታውቃለህ። የዲኤንኤ ቅደም ተከተሎች የሚቀመጡበት የመረጃ ቋት፣ ጄንባንክ፣ የፊደላቱን ቦታ ከ1 ሲቆጥር ፓይተን ከ0 ይቆጥራል፤ አንባቢው ይህንንም ራሱ ያስተካክላል። በእጁ የሚቆጥር ተማሪ በአንዲት ፊደል ቢስት፣ ፕሮቲን የሚነበበው በሦስት ሦስት ፊደል ነውና ከዚያ ወዲያ ያለው ንባብ በሙሉ ሌላ ነገር ይሆናል። ወርድ ይህን አይነግረውም። ወርድ የሚያውቀው ከሥሩ ቀይ መስመር ማስመር ነው።

መብራት ይጠፋል፣ ኮምፒውተር ያንሳል የሚሉም እውነት አላቸው። ባዮፓይተን ግን በነጻ የሚገኝ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ይህ የፕሮግራመሮች ጉዳይ ብቻ ከመሰለን ተሳስተናል። የኢትዮጵያ ገብስ የካሊፎርኒያን ገብስ ከቢጫ ድንክ ቫይረስ የተከላከለ ጂን ሰጥቷል፤ ጂኑን ለይተው የተጠቀሙበት ግን እነሱ ናቸው። የመንዝ ገበሬዎች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አውራ በጎቻቸውን በጋራ እየመረጡ ያራባሉ። ጸጉሩ ባና የሚሆነው፣ ውርጩን የቻለው ያ በግ ዛሬ በፊደላት ፋይል ሆኖ ተቀምጧል። ፋይሉን የሚያነብ ልጅ ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ ካልወጣ ናሙና ቀድተን ከመላክ አናልፍም።

ኮምፒውተሮቹ ክፍሉ ውስጥ እንዳሉ ናቸው፤ አስተማሪውም አለ። የሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባ ሳይጀመር ሁለቱ ከሰዓቶች ይመለሱ።