ዝምድና አለው፣ ፈንክሽን ግን አይደለም

ቆዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ሥር ቡና የምታፈላ ሴት አለች። ከረከቦቷ አጠገብ ካሉት በርጩማዎች አንዱ የጡረተኛው የሒሳብ መምህር ነው፤ ባይኖሩም ሰው አይቀመጥበትም። መምህሩ ሬዲዮ የሚያዳምጡት ዜናውን ለማረም ነው። ከቀይ እስክሪብቶ ጋር ያረጀ ሰው ጡረታ አይወጣም።

«ፈንክሽን ማለት» አሉኝ አንድ ጠዋት፣ «አንድ ነገር ስታስገባ አንድ ውጤት ብቻ የሚሰጥህ ነው። ልጅን አስገብተህ ወላጅ እናቱን ብትጠይቅ አንዲት ሴት ናት፤ ፈንክሽን ነው። እናትን አስገብተህ ልጇን ብትጠይቅ ግን አምስት ሆነው ይመጣሉ። ይህ ዝምድና ብቻ ነው።»

ባለ ቡናዋ ከጀበናዋ ቀና ሳትል፣ «ታዲያ በዚህ አገር ጉዳይ የሚያልቀው በዝምድና አይደል?» አለች። መምህሩ ሙሉ ነጥብ ሰጧት።

ሬዲዮው ስለ ምንዛሪ ጀመረ። የዶላር ዋጋ ስንት ነው የሚለው ጥያቄ የፈንክሽንን ፈተና አልፎ አያውቅም። እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ ያው አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ፣ በጥቁር ገበያ ደግሞ ከ100 ብር በላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባንኮች ራሳቸው ዋጋ ስለሚያወጡ ባንኩንና ቀኑን አብሮ ያላስገባ ሰው አንድ ቁርጥ ያለ መልስ አያገኝም።

እኔም ዕውቀቴን ለማሳየት፣ «ዓመተ ምሕረትስ? በእኛ 2016 በፈረንጅ ስንት ነው?» አልኩ። መምህሩ ከዘራቸውን በአየር ላይ ቀጥ አድርገው አቆሙ። ግራፍ የሚፈትኑት እንዲህ ነው፤ የቆመው መስመር ግራፉን ሁለት ቦታ ከነካው ወደቀ ማለት ነው። «እስከ ታኅሣሥ 21 ድረስ 2023፣ ከዚያ ወዲያ 2024። ወደቀ! ወሩንና ቀኑን ይዘህ ስትመጣ ያልፋል።» ሁልጊዜ ስምንት ብቻ የሚደምሩ ዜና አንባቢዎች ይህንን ቢሰሙ ደስ ይለኝ ነበር።

የ2014ቱ የኮንዶሚኒየም ዕጣም ተነሣ። አንድ ዕድለኛ፣ አንድ ቤት፤ በወረቀት ላይ እንከን የለውም። በኋላ የኮምፒውተሩ መረጃ ተነካክቶ ተገኘና ዕጣው ተሰረዘ፤ ያው አንድ ስም በቀናት ልዩነት ባለ ቤትም ተከራይም ሆነ። መምህሩ በዚህ ላይ ከዘራቸውን አላነሡም። ቡናቸውን ፉት አሉ።

ፊታቸው የሚበራው የኃላፊ ቃለ ምልልስ ሲመጣ ነው። ጋዜጠኛዋ ስለ መንገዱ ጠየቀች፤ «በቅርቡ መፍትሔ ያገኛል።» ስለ መብራቱ ጠየቀች፤ «በቅርቡ መፍትሔ ያገኛል።» ስለ ታክሲ ሰልፉም እንደዚያው።

«አየህ?» አሉ መምህሩ በደስታ። «ምንም አስገባ ምን፣ የሚወጣው አንድ ነው። ቋሚ ፈንክሽን ይባላል። ግራፉ ሽቅብ የለው፣ ቁልቁል የለው!»

አጋጣሚውን ተጠቅሜ የራሴን ብሶት አቀረብኩ። በራችን ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ማክሰኞና ዓርብ ውሃ ይመጣል ይላል። ባለፈው ማክሰኞ ምድር ቤት ያለችው ጎረቤታችን ምንጣፏን ዘርግታ ስታጥብ፣ አራተኛ ወለል ያለው የእኔ ቧንቧ ሁለት ጊዜ አስሎ ዝም አለ።

«ማክሰኞን ሳስገባ ውሃ አለም፣ የለምም ነው የሚወጣው፤ ወደቀ!» አልኩ።

«አልወደቀም። ያስገባኸው ጎደለ እንጂ» አሉ መምህሩ። «ወለሉን ጨምርበት። አራተኛ ወለል፣ ማክሰኞ፤ ዜሮ። አራተኛ ወለል፣ ዓርብ፤ ዜሮ። እሑድስ? ዜሮ! ኃላፊውን ራሱን የሚያስንቅ ቋሚ ፈንክሽን አለህ፤ ምን ታማርራለህ?»

«እርስዎ ስንተኛ ወለል ነዎት መምህር?»

«ምድር ቤት» አሉና ስኒያቸውን ለሁለተኛው ቡና አቀረቡ። «ማክሰኞ ባዶ ጄሪካንህን ይዘህ ውረድ።»