ላዩ አልሙኒየም፣ ውስጡን ለቄስ

ዛሬም ቅዳሜዬን በሙሉ ሲሊኮን ስፍቅ ዋልኩ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጀምሬ ያቆምኩት ዓይኔ ማየት ሲያቅተው ነው። ጣቶቼ አብጠዋል። ጥፍሬ ሥር የገባው ነገር በሳሙናም በአሴቶንም አልወጣ ብሏል። የጠራልኝ ግን አንድ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። አንጀቴ አርሯል። እዚህ ካልተነፈስኩት ዛሬ እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም። ረዘም ይላል፣ ጊዜ ያለው ያንብብልኝ።

ነገሩን ለማታውቁ፦ ባለፈው ጥቅምት አንዲት አሮጌ የካምፒንግ ተሳቢ ገዛሁ። እዚህ አሜሪካ ቲርድሮፕ የሚሏት፣ ከጎን ስትታይ እንደ እንባ ጠብታ ፊቷ ድብልብል ብሎ ጭራዋ እየሾለ የሚሄድ፣ ትንሽ መኪናም ቢሆን የሚጎትታት ዓይነት። ወርዷ 1.2 ሜትር፣ ርዝመቷ 2.4 ሜትር ነው። ይህ ልክ እንዲሁ የመጣ አይደለም። የአንድ ሙሉ ፕላይውድ፣ እኛ ኮምፔርሳቶ የምንለው፣ ልኩ ይኸው ነው፤ ሰዎቹ ከአንዱ ጣውላ አንዱን ጎን ቆርጠው ያወጡ ነበር። ውስጧ የሁለት ሰው ፍራሽ ብቻ ነው የሚገባው፣ ቆሞ መሄድ የለም። ከኋላ ያለውን ክዳን ወደ ላይ ስታነሱት ደግሞ ኩሽና ይወጣል፤ መደርደሪያ፣ የምድጃ ቦታ፣ የበረዶ ሳጥን ማስቀመጫ። ዝናብ ቢመጣ ያው ክዳን ራሱ ጥላ ይሆናችኋል። ይህ አሠራር ልቤን ከወሰደው ቆይቷል።

እነዚህ ተሳቢዎች የተስፋፉት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው፤ ኢኮኖሚው ደቅቆ ብዙ ሰው ለሆቴል የሚከፍለው ባጣበት ዘመን። መጽሔቶች ንድፉን ያትሙ ነበር፣ መጋዝና መዶሻ ያለው ደግሞ ጓሮው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይሠራ ነበር። በ1945 ጦርነቱ ሲያበቃ ለአውሮፕላን ይውል የነበረው አልሙኒየም ወደ ሲቪሉ ገበያ ወጣ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ትንንሽ ፋብሪካዎችም ይህንኑ መሥራት ጀመሩ። የእኔዋ የዚያ ዘመን የጓሮ ሥራ ናት። የፋብሪካ ስምም፣ ቁጥርም የለባትም።

የሻጩ ማስታወቂያ «ትንሽ ፖሊሽ ብቻ የሚያስፈልጋት» ይላል። አራት ሰዓት ነድቼ ሄድኩ። ከላይ እስከ ታች ብርማ ቀለም ተቀብታ፣ ጎማዋ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «እንጨቱስ?» አልኩት። «ደረቅ ነው፣ አንድም ቀን ውሃ አስገብታ አታውቅም» አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። 3,200 ዶላር ቆጥሬ ሰጠሁት።

እኔ ይህን ነገር የማላውቅ ሰው ብሆን ባልከፋኝ። አጎቴ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ፣ ባትላሜራ ቤት ነበረው። ክረምት ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እሱ ዘንድ ነበር የምውለው፤ ፒንሳ አቀብል፣ ብርጭቆ ወረቀት አርጥብ፣ መዶሻ አምጣ። ጋሼ መኪና ሊገዛ የሚሄድ ዘመድ ካለ አብሮ ይሄድና ከኪሱ ትንሽ ማግኔት አውጥቶ በበሩና በፓራፋንጉ ላይ ያስኬዳል። ማግኔቱ ከያዘ ላሜራ ነው። ከተንሸራተተ ውስጡ ስቱኮ ነው፣ ማለት አንዱ ዝገቱን ሳይቆርጥ ደፍኖ ቀለም ቀብቶበታል። ያኔ ጋሼ አንድ ቃል ሳይናገር ማግኔቱን ኪሱ ከትቶ ይመለሳል። አልሙኒየም ላይ ግን ማግኔት አይሠራም። እዚህ የሚያስፈልገው ወስፌ ነው፤ ከሥር ገብቶ እንጨቱን ወጋ ወጋ ማድረግ። ከእንግዲህ አሮጌ ተሳቢ ልትገዙ ከሄዳችሁ ወስፌ ሳትይዙ እንዳትሄዱ።

መንገድ ላይ ያየ ሁሉ «ኤርስትሪም ናት?» ይለኛል። አይደለችም፣ ልዩነቱም ትልቅ ነው። ኤርስትሪም ዋሊ ባያም ያቋቋመው የተሳቢ ፋብሪካ ነው፤ የእሱ ተሳቢዎች አካል እንደ አውሮፕላን በሪቬት የተያያዘ አልሙኒየም ነው፣ ቆዳው ራሱ ሸክም ይሸከማል። በእነዚህ ትንንሾቹ ግን የሚሸከመው እንጨቱ ነው። አልሙኒየሙ 1 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ በምስማር እንጨቱ ላይ የተመታ የዝናብ ልብስ ነው። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ደግሞ ቀጭን የአልሙኒየም ዘንግ በብሎን ይታሰርበታል። ውሃ የሚገባው በዚያ ዘንግ ሥር ነው። አንዴ ከገባ መውጫ የለውም፤ አልሙኒየሙ አያስተነፍስም፣ እንጨቱ እንደረጠበ ይቀመጣል፣ ይበሰብሳል። ቆዳው ግን ያው ያበራል። አሥር ዓመት ቢበሰብስ ከውጭ የሚያሳብቅ ነገር የለም።

አሁን ወደ ደሜን ያፈላው ነገር ልምጣ። የኋላው ክዳን የሚታጠፍበት መገናኛ የእነዚህ ተሳቢዎች ዋና ሕመም ነው፣ የሚያንጠባጥብ ቦታ ካለ እሱ ነው። እዚያ ላይ ያገኘሁትን ስሙኝ። ከላይ ብርማ ቀለም። ቀለሙ ሥር የአልሙኒየም ፕላስተር። ፕላስተሩ ሥር ነጭ ሲሊኮን፣ ከነጩ ሥር ደግሞ ቀለም የሌለው ሲሊኮን። ከሁሉም ሥር የቤት ጣሪያ የሚደፈንበት ጥቁር ሬንጅ፣ ጣት ውፍረት የሚያህል። እያንዳንዱ ንብርብር አንድ ሰው «ውሃ እየገባ ነው» ብሎ የነቃበት ቀን ነው። እያንዳንዱም ሰው ከፍቶ ከማየት ይልቅ ቱቦ ገዝቶ ጨምቆበት ሄዷል። ሬንጁን በፕላስቲክ መፋቂያ ቀስ እያልኩ አንስቼ ዘንጉን ስፈታ፣ ብሎኖቹ ሳይዞሩ እንዲሁ በእጄ ተመዘዙ። የሚይዛቸው እንጨት የለማ! ክዳኑን የሚሸከመው ዋናው አግዳሚ ወደ ቡና አተላ ተቀይሯል። በማንኪያ ነው የጠረግኩት። በኩሽና ማንኪያ፣ ሁለት ባልዲ ሙሉ። ሻጩ «ደረቅ ነው» ያለኝ ይህንን ነው።

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባል የለ? እዚህ ያረመው ግን ያለባበሰው አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ሲሊኮን ለምን እንዲህ እንደሚያናድደኝ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው አጥብቆ የሚይዝ ጥሩ ነገር ይመስለዋል። ሲሊኮን አንዴ ከደረቀ በላዩ ላይ ምንም አይጣበቅም። ቀለም አይይዝም፣ ሌላ ማሸጊያ አይይዝም፣ አዲስ ሲሊኮን እንኳ በአሮጌው ላይ አይይዝም። አሴቶን አያሟሟውም። በዓይን የማይታይ ቅባት የመሰለ ነገር ትቶ ይሄዳል፣ እሱ ካልጠፋ ቀጣዩ ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ በእጅ መፋቅ ነው፣ ሌላ አቋራጭ የለም። በብረት ብሩሽ እንዳልሞክረው የብረቱ ብናኝ አልሙኒየሙ ውስጥ ይቀርና በኋላ ይዝጋል፣ ደግሞም ይቧጭራል። ይባስ ብሎ ርካሹ ዓይነት፣ ያ ሲጨመቅ ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚሸተው፣ የሚለቀው አሲድ ነው፤ ማሸግ ቀርቶ ብረቱን ራሱን ይበላል።

እና ሥራው ትክክለኛ ነገር አጥቶ አይደለም! ቡቲል የሚባል እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ለስላሳ የማሸጊያ ጥቅልል አለ፣ አንዱ ጥቅል ከምሳ ዋጋ አይበልጥም። አልሙኒየም ሙቀትና ብርድ ሲለዋወጥበት ከብረት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። 2.4 ሜትር የሚረዝም ቆርቆሮ በ40 ዲግሪ ልዩነት 2 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል፣ ማታ ተመልሶ ይሰበሰባል። ከዚህ ጋር አብሮ የማይለጠጥ ነገር ይሰነጠቃል ወይም ይላቀቃል፣ ቡቲል ግን አብሮት ይሄዳል። ዘንጉን መፍታት፣ ማጽዳት፣ ቡቲሉን መዘርጋት፣ መልሶ ማሰር። ያኔ በጊዜው ቢሠራ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ግማሽ ቀን ስለተሰሰተ የኔ ስድስት ወር ሄደ።

ብሎኑንም ልናገር። አንዱ ከመሀል ቤት፣ የላላውን ዘንግ ለማጥበቅ ጂፕሰም ግድግዳ የሚመታበትን ጥቁር የብረት ብሎን ተጠቅሟል። ብረትና አልሙኒየም ተነካክተው ውሃ ካገኙ እንደ ባትሪ ነው የሚሠሩት፣ የሚበላው ደግሞ አልሙኒየሙ ነው። በእያንዳንዱ ጥቁር ብሎን ዙሪያ ጤፍ ዱቄት የመሰለ ነጭ ብናኝ ነበር። በጥፍሬ ነካ ሳደርገው ቀዳዳው አውራ ጣቴን አስገባ። አንዲት ብሎን አይደለችም፣ በቀኙ ጎን ብቻ ሃያ ሦስት ቆጥሬያለሁ። የመጀመሪያው ሰው የመታቸው የአልሙኒየም ምስማሮች ከሰባ ዓመት በላይ ቆይተው ዛሬም ደህና ናቸው።

ብርማው ቀለም ሲለቅ ደግሞ ሌላ ጉድ። ከሥሩ አንዱ በማሽን፣ በ80 ቁጥር፣ ማለት በሻካራው ብርጭቆ ወረቀት፣ ክብ ክብ እያደረገ ፈትጎታል። ለፖሊሽ አስቦ ይሁን ቀለሙ እንዲይዝ፣ ለኔ ለውጥ የለውም። ያን ጭረት ለማጥፋት የወረቀቱን ሻካራነት በየደረጃው እየቀነሱ መፈተግ ያስፈልጋል፣ ከሳሳ ቆርቆሮ ላይ ደግሞ የሚነሳ ብዙ የለም። ግንባሯ ላይ ያለውን አንዱን ጭረት ትቼዋለሁ፣ ከዚህ በላይ ብነካው ይበሳል። ባየሁት ቁጥር ቆሽቴ ይደብናል።

ወረቀቱንም ነገር ማለፍ አልችልም። ተሳቢ የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ አመላልሶኛል። ባለ 17 አሃዝ መለያ ቁጥር አምጣ ይሉኛል። ያ አሠራር የመጣው ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ነው፣ ይህች በ1940ዎቹ ጓሮ ውስጥ የተሠራች ናት፣ ከየት ላምጣ? ሴትዮዋ ኮምፒውተሩ አይቀበልም አለችኝ። በአራተኛው አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ ፎርሙን ከመሳቢያ አውጥቶ በአሥር ደቂቃ ጨረሰልኝ። እግዜር ይስጠው። የቀሩት ሦስት ቀናት ግን የሥራ ቀኖቼ ነበሩ።

ወዳጆቼም «በዚህ ገንዘብ አገር ቤት አንድ ነገር አትጀምርም?»፣ «አዲስ አትገዛም?» ትሉኛላችሁ። ክፋት እንደሌላችሁ አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር ላሳያችሁ። የግራውን ቆርቆሮ ገልብጬ ሳየው በውስጥ ፊቱ ላይ በእርሳስ የተሰመረ መስመር አለ፤ ምስማሮቹ የሚመቱበት። በየአምስት ሳንቲሜትሩ አንድ ነጥብ፣ አንዱም ከመስመሩ አልወጣም። ማዕዘኑ ላይ «ኤል» የምትል ፊደል፣ ግራ ለማለት፣ በጥንቃቄ የተጻፈች። ይህ ሰው ማንም የማያየውን የውስጥ ፊት ነው እንዲህ ያሰመረው። ልጄ አጠገቤ ነበረች። ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች «አባዬ፣ አናጥፋው» አለችኝ። አላጠፋነውም። አዲሱንም ጎን ስንቆርጥ በዚያው ልክ፣ በየአምስት ሳንቲሜትሩ ነጥብ እያደረገች ያሰመረችው እሷ ናት።

ስለዚህ እያደስኳት ነው፣ አልሸጣትም፣ አልጥላትምም። አዲሱ አግዳሚ ተቆርጦ ገብቷል፣ እንደ ድሮው በማጣበቂያና በብሎን ታስሯል። ኩሽኔታዎቹ ተቀይረው ግራሶ ተሞልቶባቸዋል። ባሌስትራው ደህና ነው። በየቦታው ተጠማዞ በፕላስተር የታሰረውን ሽቦ ከሥሩ ነቅዬ አዲስ ዘርግቻለሁ። የቀረው የቀኙ ጎን ጠርዝ ነው፣ ሁለት ሜትር ተኩል ሲሊኮን። ሐምሌ ላይ ልጆቼን ይዤ ቨርጂኒያ ያለው ሼናንዶዋ ፓርክ ለመውጣት ነበር ሐሳቤ፣ አሁን መስከረም ሊሆን ነው።

ለሻጩ ደውዬ ነበር። የምጮኽበት አልነበረም፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ፤ አንሥቶ ድምፄን ሲሰማ ዘጋው። እንግዲህ እዚህ ልበለው፣ እሱን የመሰለ ሌላ ሻጭም ያንብበው፦ «የኋላው እንጨት በስብሷል፣ በሲሊኮን ደፍነነዋል» ብለህ ብትጽፍ ኖሮ ያኔም መጥቼ እገዛት ነበር። ያን 3,200 ዶላርም ሳልከራከር እከፍልህ ነበር። ወስፌም፣ ቡቲልም፣ ደረቅ እንጨትም አዘጋጅቼ እመጣ ነበር፣ ልጆቼም ሐምሌን ይደርሱባት ነበር።