መርዶ ነጋሪው አንባቢ

አሜሪካዊው ላንስ ሩቢን እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተመው አስቂኝ የወጣቶች ልብ ወለድ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚሞትበትን ቀን ያውቃል። የ17 ዓመቱ ዴንተን ሊትል ቀኑ የደረሰው በትምህርት ቤቱ ተመራቂዎች የጭፈራ ዕለት ሲሆን፣ የቀብሩ ሥነ ሥርዓት ከሞቱ ስለሚቀድም ሟቹ ራሱ ተገኝቶ የሚባልለትን ይሰማል። እዚህ ላይ ደርሼ እየሳቅሁ ሳለሁ፣ መጽሐፉን ያዋሰኝ የአክስቴ ልጅ «የት ደረስህ?» አለኝና መልሴን ሳይጠብቅ መጨረሻውን ዘረገፈው።

ሞትን ደብቆ በማቆየት እኛን የሚያህል ያለ አይመስለኝም። አባቱ ያረፉበት ሰው ዋሽንግተንም ይኑር ሪያድ፣ ዘመድ አዝማድ ወሬውን አፍኖ ይሰነብታል፤ ደውሎ ሲጠይቅ «ደህና ናቸው፣ አሁን ተኝተው ነው» ይባላል፤ በመጨረሻም ወገን ተጠራርቶ ጎህ ሲቀድ በሩን ያንኳኳል። በዚያ ሰዓት ደጁ ላይ የቆሙትን ሲያይ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት ይገባዋል። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የሚያውቀው የአክስቴ ልጅ፣ ከነጭራሹ ላልተወለደ ልጅ ሲሆን ግማሽ ሰዓት መታገሥ አቃተው።

«ከሞቱ አሟሟቱ» የሚለውን ብሂል እጅግ እወደዋለሁ፤ እኔን ቢጠይቁኝ ግን ከአሟሟቱም የሚብሰው በመቃብሩ አፋፍ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ነው። በልጅነታችን ኳሳችን ከግቢያቸው ሲገባ በቢላዋ ቀድደው በአጥር ላይ የሚወረውሩልን አንድ ጎረቤት ነበሩ። በቀብራቸው ዕለት ድምፅ ማጉያው «ሕፃናትን እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚወዱ» ሲል፣ ከጎኔ የቆሙት እናቴ ክንዴን ባይቆነጥጡኝ ኖሮ ዝም የምል አልነበርኩም። እንደ ዴንተን አገር ቢሆን ሰውየው ራሳቸው ይሰሙት ነበር፤ ምናልባት አፍረው የኳሷን ዋጋ ይከፍሉን ይሆናል። ደግሞም ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ወራሽ የሌላቸው፣ ወይም ወራሻቸውን በደንብ የሚያውቁ ሰዎች፣ የቁም ተዝካር ያወጡ ነበር። ይህ ከዴንተንም የሚበልጥ ብልሃት ነው፤ ምክንያቱም ባለ ተዝካሩ ቀኑን ሳያውቅ፣ ማን ጠላውን ጨልጦ ነፍስ ይማር ሳይል እንደወጣ በገዛ ዓይኑ አይቶ መዝግቧል።

የአክስቴን ልጅ ግን ስወቅሰው «ደራሲውስ?» ብሎ ተከራከረኝ። እውነትም እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ተከታይ መጽሐፍ ገና ከሽፋኑ ዴንተን እስካሁን አለመሞቱን ያውጃል። ደራሲው ቢያንስ ሁለት ዓመት ያህል ታግሧል።