ሰርዙልኝ ማለት ነውር ነው

የባሕር ዳር የኦንላይን ደንበኛ ሐውልት ያንሰዋል። ማታ ቴሌግራም ላይ ጫማ ያያል። ቁጥር 41 ብሎ ያዝዛል። "ነገ ጠዋት ካልደረሰ አልፈልግም" እያለ ሻጩን እንቅልፍ ይነሳዋል። ጠዋት ሞተረኛው ዓባይ ማዶ ደርሶ ሲደውል ስልኩ ዝግ ነው። ጨዋነት ማለት ይህ ነው!

ይሉኝታ የሌለው ሰው ቢሆን "ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፣ ሰርዙልኝ" ይል ነበር። እንዲህ ያለ ክፉ ቃል ከጨዋ አፍ አይወጣም። ሻጩን ከማስቀየም ሞተረኛውን ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ማቆም ይሻላል። ቤንዚን እንደሆነ ተሰልፎ ይቀዳል፣ ምን ቸገረው።

ወደ ፍኖተ ሰላም የሚላክ ዕቃማ ክብሩ ሌላ ነው። ካርቶኑ በፕላስተር ተጠቅልሎ፣ ስልክ ቁጥር በእስክሪብቶ ተጽፎበት፣ ከሚኒባሱ ሹፌር ወንበር ኋላ ይሸጎጣል። ረዳቱ መርዓዊ ላይ ይደውላል፣ አይነሳም። ዳንግላ ላይ ይደውላል፣ "ስብሰባ ላይ ነኝ፣ መልሼ እደውላለሁ"። ቡሬ ላይ ዝግ ነው። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ካርቶኑን ታቅፎ ቆሞ ቆሞ፣ በዚያው መኪና ይመልሰዋል። ሰው እግር ሳይገባ ጎጃምን ያየ ጫማ የትም አገር የለም።

አሁን ግን ይህን ጥበብ የሚያጠፋ ነገር መጣ። የኦንላይን መደብሮች ደንበኛ የሚያናግር የኤአይ ኤጀንት፣ ማለትም እንደ ሰው ተነጋግሮ ሥራም የሚፈጽም የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ እያስገቡ ነው። ኤጀንቱ ትዕዛዝ ለመሰረዝ የሚጠራው፣ የተዘጋጀለት መሣሪያ (አነስተኛ ፕሮግራም) አለ። መሣሪያውን የሚያውቀው ከተጻፈለት ሰነድ ነው፤ ስሙ፣ ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደማይሠራ፣ ምን መረጃ እንደሚፈልግ። ያልተጻፈለትን ይገምታል። ግምቱ ደግሞ በሰው ገንዘብ ነው።

አንድ ፕሮግራመር ወዳጄ ይህን ሰነድ እንዲጽፍ ተሰጠው። መጀመሪያ የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ "ትዕዛዝ ይሰርዛል"። (ሠርቶ ሰነድ አለመጻፍም የሚመሰገን ባህላችን ነው፤ እሱን ለሌላ ጊዜ።) ኤጀንቱ ሲሞከር ትናንት ቤት የደረሰውንም ልሰርዝ አለ። መሰረዝና መመለስ እንደሚለያዩ ማን ነገረው?

ወዳጄ ሌሎች እንዴት እንደሚጽፉ ለማየት ታው ቤንችን ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የኤጀንቶች መፈተኛ ነው። በችርቻሮ ክፍሉ የመሰረዣው ሰነድ ቁርጥ ያለ ነው። የሚሰረዘው ገና በመጠባበቅ ላይ ያለ ትዕዛዝ ነው፤ ሂደቱ ያለቀ ወይም የደረሰ አይሰረዝም። ኤጀንቱ ዝርዝሩን አስረድቶ ከደንበኛው "አዎ" ማስባል አለበት። በስጦታ ካርድ የተከፈለ ወዲያው ይመለሳል፤ ሌላው ከ5 እስከ 7 የሥራ ቀን ይፈጃል። ምክንያቱም ከሁለት አንዱ ነው፦ "ከእንግዲህ አያስፈልገኝም" ወይም "በስህተት ነው ያዘዝኩት"።

ሁለት ብቻ! ምን ዓይነት ድህነት ነው? እኛ ዘንድ ባለቤቱ ሳታውቅ ያዘዘ አለ። ጎረቤቷ ያንኑ ቀሚስ ቀድማ የለበሰችባት አለች። ደሞዝ እስኪወጣ ለመጽናኛ ያዘዘ አለ። ዋጋውን ለማወቅ ብቻ ያዘዘም አለ፤ ሻጩ "ዋጋ በውስጥ መስመር" እያለ ሲደብቅ ምን ያድርግ? ይህን ሁሉ በሁለት ምክንያት ማጨቅ ግፍ ነው።

"አዎ ወይስ አይደለም" ብሎ ማፋጠጡ ደግሞ ይባስ። እነ ዋሸራና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ያሉበት አገር ላይ ሰው እንዲህ በደረቁ ይጠየቃል? "መልሼ እደውላለሁ" ሰሙ ነው። ወርቁን ሞተረኛው ፀሐይ ላይ ቆሞ ይፈታዋል። ኤጀንት የሚሉት ግን ቅኔ ቤት አልገባም።

ወዳጄ ሰነዱን እንደገና ጻፈው። ደንበኛው "እስቲ እናያለን" ካለ አትሰርዝ፣ አንዴ ደግመህ ጠይቅ። ዝም ካለ አትሰርዝ። የትዕዛዝ ቁጥሩን ከራስህ አትፍጠር፣ ጠይቅ። መሣሪያው ሁለቴ ቢጠራ ገንዘብ ሁለቴ አይመለስም። ካልተሳካም ለምን እንዳልተሳካ ይናገራል፤ "ስህተት ተፈጥሯል" ብቻ ከተባለ ኤጀንቱ እንደ ሚኒባሱ ረዳት ሲደጋግም ይውላል።

ጥሩ ሰነድ ወጣው። ችግሩ መሰረዣው የሚሠራው "ሰርዝልኝ" የሚል ሰው ሲመጣ ነው። የእኛ ጨዋ አይመጣም። ስልኩን አጥፍቶ ጣና ዳር ሻይ እየጠጣ ነው። በሰነዱ መሠረት ደግሞ ዝምታ መሰረዝ አይደለምና ጫማው ይላካል። ወዳጄ መፍትሔ ያለው "በመጠባበቅ ላይ" እና "ተሰርዟል" በሚሉት መካከል "ስልክ ዝግ" የሚል ሁኔታ መጨመር ነው። ሐሳቡን ከነሰነዱ ያጸድቅለት ዘንድ ለአለቃው ላከለት።

አለቃው ወዲያው መለሰለት። "ግሩም ነው፣ ከሰዓት እደውልልሃለሁ" አለው። ይህ የሆነው ባለፈው ወር ነው።