ለላስቲክ ዳይኖሰር ዳኞች የቀረበ ውዳሴ

እጅ ነስቻለሁ። የዛሬው ጽሑፌ ምስጋና ነው። የሚመሰገኑትም አሮጌ የቴሌቪዥን ድራማ ከፍተው፣ የመግቢያው ሙዚቃ ሳያልቅ እንከን መልቀም የሚጀምሩ ዓይናማ ተመልካቾች ናቸው። ምስር የምትለቅም እናት ነው የሚመስሉት። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ እናት ጠጠሩን ጥላ ምስሩን ትቀቅላለች፣ እነሱ ምስሩን ደፍተው ጠጠሩን በኪሳቸው ይዘው ይሄዳሉ።

ለዚህ ሙያ ደግሞ «የዳይኖሰሮች ወረራ»ን የሚያህል ማሳ የለም። ዶክተር ሁ የሚባለውን የቢቢሲ ድራማ የምታውቁ ገና ስሙን ስትሰሙ ፈገግ ብላችኋል። ለማታውቁት ይሄን ያህል ይበቃል፦ ከውጭ የፖሊስ ስልክ ሳጥን የሚመስል፣ ከውስጥ ግን አዳራሽ የሚያክል ነገር ውስጥ ገብቶ በዘመናት መካከል የሚዞር ሰውዬ አለ። ከ1963 ጀምሮ ሲዞር ነው። ሊሞት ሲደርስ መልኩ ይለወጥና ሌላ ተዋናይ ይተካል። በዚህ ታሪክ ላይ ሦስተኛው ነው፤ ጆን ፐርትዊ፣ ነጭ ፀጉሩን አጎፍሮ፣ ቬልቬት ኮት ለብሶ። አብራው ያለችው ጋዜጠኛዋ ሳራ ጄን ስሚዝ ናት፣ ኤልዛቤት ስላደን የተጫወተቻት። ስድስት ክፍል ነው። ከጃንዋሪ 12 እስከ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1974 በየቅዳሜው ታየ። በእኛ 1966 መሆኑ ነው፣ ሁለተኛው ክፍል የታየው በጥምቀት ዕለት ነበር። በዚያ ሰሞን እኛ ዘንድ ማን ዳይኖሰር ያያል? አገሩ ራሱ ሊናወጥ ሳምንታት ነበር የቀሩት።

ታሪኩ ሲጀምር ለንደን ባዶ ናት። ሕዝቡ ከከተማው ወጥቷል፣ የቀረው ወታደርና ዘራፊ ብቻ ነው። ምክንያቱም በየመንገዱ ዳይኖሰር ብቅ ይልና መልሶ ይጠፋል። አዘጋጆቹ ይህን ምስጢር ለመጠበቅ ብለው የመጀመሪያውን ክፍል «ወረራ» ብቻ ብለው ሰየሙት። ተመልካቹ በክፍሉ መጨረሻ ዳይኖሰሩን ሲያይ እንዲደነግጥ ነበር ሐሳባቸው።

ደነገጠ። ብቻ እነሱ ባሰቡት መንገድ አይደለም።

እውነቱን እንነጋገር። ዳይኖሰሩ ላስቲክ ነው። ታይራኖሶረሱ አንገቱን ሲያዞር ገላው «እኔ የለሁበትም» ይላል። አፉን ከፍቶ ሲያገሳ ጓንት ውስጥ የገባ እጅ ነው ትዝ የሚላችሁ። ከሌላ ዳይኖሰር ጋር የሚታገልበት ቦታ ላይማ ይነካከሱ ይሳሳሙ መለየት ያስቸግራል። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። እኔም ስቄያለሁ።

የእኔ ሳቅ ግን ተራ ነው። የሚደነቀው የወዳጄ ነው።

ወዳጄ አንድ ቅዳሜ ቤቴ መጣ። ሻይ ቀዳሁ፣ ቆሎ አቀረብኩ፣ ድራማውን ከሁለተኛው ክፍል ከፈትኩ። ሪሞቱን እሱ ያዘ፤ በእንግድነቱ ሳይሆን በዳኝነቱ ነው የያዘው። ዳይኖሰሩ ብቅ ሲል ፖዝ አደረገው። ተነሣ። እስከ ቴሌቪዥኑ ድረስ ሄደና የቆሎ ጨው ባለበት ጣቱ የታይራኖሶረሱን ጀርባ በስክሪኑ ላይ እየተከተለ «ይሄን ጠርዝ አየኸው? ይሄ ብልጭ ብልጭ የሚለው?» አለኝ። አየሁት አልኩ። «ቆይ አላየኸውም» አለና ወደ ኋላ መለሰው። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ትምህርቱ ቀጠለ፦ አሻንጉሊቱን አንድ ዓይነት ቀለም ባለው ጀርባ ፊት ለብቻው ይቀርጹታል፣ ጀርባውን በኤሌክትሮኒክስ ያጠፉትና የመንገዱን ምስል ይተኩበታል፣ ጠርዙ ላይ ግን ቀለሙ ይተርፋል። ጥሩ ማብራሪያ ነው፣ ትክክልም ነው። ሲጨርስ በስልኩ ፎቶ አነሣውና በቴሌግራም ላከው። ሻዩ ቀዘቀዘ። ከሃያ አምስት ደቂቃው ክፍል ገና ሰባቱን ነበር ያየነው።

ይሄ ነው እንግዲህ የማደንቀው ትጋት። ይህ ሰው የልጁን የሂሳብ ደብተር በዚህ ዓይን አይቶ አያውቅም። የቤት ኪራይ ውሉን ሳያነብ ነው የፈረመው። ለአንድ የላስቲክ አንገት ግን እንደ መርማሪ ፖሊስ ቆመለት።

ጀግንነቱንም አትርሱ። ከ50 ዓመት በኋላ፣ አብዛኞቹ ሠሪዎች በሕይወት በሌሉበት፣ ማንም መልስ በማይሰጥበት ሰዓት ተነሥቶ መፍረድ ቀላል ነገር መሰላችሁ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ አሉ። እኔ አላልኩም። እንዲያውም ተመልካቾቻችን ፍትሐዊ ስለሆኑ ሁሉንም በአንድ ሚዛን ነው የሚለኩት፤ የ1974ቱን ዳይኖሰር ከጁራሲክ ፓርክ ጋር ያወዳድሩታል። ያ የወጣው በ1993 ነው። የ19 ዓመት ልዩነት፣ የሆሊዉድ ገንዘብና ኮምፒውተር ሲጨመርበት ልዩነቱ ምን ያህል ሊሆን ነው? ድራማው ሲታይ እንግሊዝ የኤሌክትሪክ እጥረት ነበረባት። የድንጋይ ከሰል ስለተቸገሩ አብዛኛው ፋብሪካ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ መብራት ይፈቀድለት ነበር። እንደዚያም ሆኖ የመጀመሪያውን ክፍል ወደ 11 ሚሊዮን ሰው አየው። ፖዝ ማድረጊያ ስላልነበራቸው፣ ምስኪኖች፣ ታሪኩን ለመከታተል ተገደዱ።

ቢቢሲም ቢሆን ተባብሯል ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ ያለቀ ድራማን ካሴት አጥፍቶ ሌላ መቅዳት የተለመደ ነበርና የመጀመሪያው ክፍል ባለ ቀለም ቅጂ ጠፋ። የተረፈው ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። በ2012 በዲቪዲ ሲወጣ ቀለሙን ለመመለስ የተሞከረበት ቅጂም አብሮ ቀረበ። እኔ በጥቁርና ነጩ እዩት እላለሁ። ባዶው ለንደን ያስፈራል፣ ዳይኖሰሩም በጨለማው ትንሽ ያፍርና ይደበቃል።

አሁን ደግሞ ለሎጂክ ጠበቆች እጅ ልንሣ። እነዚህ ላስቲኩን ይቅር ብለው «ግን ሎጂኩ የት አለ?» የሚሉት ናቸው። ሰው በስልክ ሳጥን ከዘመን ዘመን ሲሻገር ሎጂክ አልጠየቁም። ከመካከለኛው ዘመን የመጣ ገበሬ ለንደን መሀል ተወርውሮ ሲደናገርም ዝም አሉ። «ከተማውን ለማስለቀቅ ለምን ዳይኖሰር? ቦምብ ተጠምዷል ቢሉ አይቀልም ነበር?» የምትለዋን ጥያቄ ግን ሌላ ሰው ያላሰባት ይመስል በየዓመቱ አዲስ አድርገው ያወጧታል። በነገራችን ላይ ጥያቄዋ ትክክል ናት። ስድስት ክፍልም ይበዛበታል፤ አምስተኛው ላይ የሚሮጡት ሩጫ ለደራሲው ሰዓት ከመሙላት በቀር ለማንም የጠቀመ አይመስለኝም። አራት ቢሆን ግሩም ይሆን ነበር። ይሄውላችሁ፣ እኔንም ለከፈኝ።

ለመሆኑ ዳይኖሰሩ ለምን መጣ? ይህን የሚመልስ ተመልካች ብርቅ ነው፣ መልሱ ያለው ዳይኖሰሩ በሌለባቸው ትዕይንቶች ውስጥ ስለሆነ። ደራሲው ማልከም ሀልክ ተንኮለኛ ሰው ነው። ዳይኖሰሩ ማዘናጊያ ነው፤ ለከተማው ሕዝብም፣ አሁን ለእኛም። በስተጀርባው ወርቃማው ዘመን የሚባል ዘመቻ አለ። አንድ ሚኒስትር፣ አንድ ጄኔራልና አንድ ፕሮፌሰር ተስማምተው ዓለም ተበላሽቷል፣ አየሩ ቆሽሿል፣ ሰው ከፍቷል፣ ስለዚህ ጊዜን ወደ ኋላ እናጠንጥነው ይላሉ። የተመረጡ ጥቂት ሰዎች በንጹሑ ዓለም እንደ አዲስ ይጀምራሉ። የተቀረው ሰው ግን ከነጭራሹ እንዳልተወለደ ይሆናል። አይገደልም፣ አይታሰርም፣ አልነበረም። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ቀንድ ያበቀሉ ሰይጣኖች አይደሉም፤ ዛፍ የሚወዱ፣ ጭስ የሚጠሉ ጨዋዎች ናቸው። ከዋናዎቹ ጓዶች አንዱ የሆነው ካፒቴን ማይክ ዬትስ ከእነሱ ጋር ሲያብር እኔ ከዳይኖሰሩ ይልቅ በእሱ ነው የደነገጥኩት። በልጅነት የምናምነው ባለ ዩኒፎርም ጥሩ ሰው፣ ክፋት ሳይኖረው፣ ለበጎ ብሎ ከዳ። በ1974፣ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ለቤተሰብ በሚቀርብ ድራማ!

ይሄ ግን ፖዝ ተደርጎ ጣት አይቀሰርበትም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አለ ያገሬ ሰው።

ከሁሉ በላይ የሚያስደስተኝ ግን እዚሁ ድራማ ላይ ተቀምጠው «ድሮ ቀረ!» የሚሉት ናቸው። ድሮ ድራማ ድራማ ነበር፣ ድሮ ተዋናይ ተዋናይ ነበር፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ እንዳልተሠራ ይቆጠር ይላሉ። ልብ በሉ፣ የሚሉት ወርቃማውን ዘመን በግድም ቢሆን ለመመለስ የሚሞክሩ ሰዎች ክፉ ሆነው የቀረቡበትን ታሪክ እያዩ ነው። ሚኒስትር ግሮቨር ይህን ቢሰማ መርከቡ ላይ ከፊት ወንበር ይሰጣቸው ነበር።

ከነሱ ትይዩ «ዳይኖሰሩን በኮምፒውተር ይቀይሩትና ያልቃል» ባዮች አሉ። መቼም ማሻሻል አይጠላም፤ የዚሁ የዶክተር ሁ ሌላ ታሪክ፣ የ1972ቱ «የዳሌኮች ቀን»፣ በ2011 አዳዲስ ኢፌክት ገብቶለት ወጥቷል፣ ጥሩም ሆኗል። ግን እነዚህ ከዚያም ያልፋሉ። ላስቲኩ ይጥፋ፣ የቀረጹትም ሰዎች ድካም ይጥፋ፣ ማንም እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ እንደማያውቅ ይሁን ይላሉ። እንዳልተወለደ ማለት ነው። የእነሱንም ቦታ መርከቡ ላይ አስይዣለሁ።

መርከቡ ስል አላስረዳሁም ለካ። ሳራ ጄን በምርመራዋ መሀል ትጠፋና ስትነቃ ራሷን የጠፈር መርከብ ውስጥ ታገኘዋለች። ተሳፋሪዎቹ እነዚያ የተመረጡት ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ ደጋጎች። ከምድር ከወጣን ሦስት ወር ሆነን፣ ወደ አዲስ ንጹሕ ፕላኔት እየሄድን ነው ይሏታል። በመስኮቱ ከዋክብት ይታያሉ። ማመን ትጀምራለች። ከዚያ እጇ ወደ ግንባሯ ይሄዳል። ቀደም ብላ የተመታችበት ቦታ አሁንም እንዳበጠ ነው። ሦስት ወር ካለፈ እንዴት አልዳነም? ይሄን አስባ፣ ውጪ ጠፈር ነው፣ ትሞቻለሽ እየተባለች፣ የመርከቡን በር ከፍታ ትወጣለች። ውጪው ለንደን ነው፤ መርከቡ ቆሞ የነበረው ከመሬት በታች ባለ መጠለያ ውስጥ ነበር። ፍንዳታ የለም፣ ኢፌክት የለም፣ ላስቲክም የለም። አንዲት ሴት፣ አንድ እብጠት፣ አንድ በር።

እዚህ ቦታ ላይ ስንደርስ ወዳጄን ዘወር ብዬ አየሁት። ሪሞቱን ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ልቀስቅሰው ብዬ ነበር፣ ተውኩት። ዳኛም ሰው ነው።

የነቃው ታይራኖሶረሱ ሲያገሳ ነው። ዓይኑን አሸት አሸት አደረገና «አመለጠኝ እንዴ?» አለኝ።

«አይ፣ ምንም» አልኩት።

ፖዝ አደረገው። ተነሣና ጠርዙን አሳየኝ። ማታ ከመሄዱ በፊት በስልኩ ፍርዱን ጽፎ ለወዳጆቹ ሲልክ አጮልቄ አየሁት፦ ከ10፣ 3።